የልጆችን የመዋጥና የመመገብ ችግር ለማጥናት፦ ከጤነኛው ልጅ ጀምሩ

ይህን ዘርፍ ማጥናት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ በሽታዎቹ ይሮጣል። ሴሬብራል ፓልሲ፣ የላንቃ መሰንጠቅ፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሪፍላክስ (ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ላይ መመለስ) እያለ አንድ በአንድ ይሸመድዳል። ከዚያ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ፊት ይቀመጥና የሚያየው ነገር ደህና ይሁን አይሁን መለየት ያቅተዋል። ጤነኛ ልጅ እንዴት እንደሚበላ ጊዜ ወስዶ አይቶ አያውቅማ! እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ጤነኛው ልጅ፣ ከአፍ በፊት ትንፋሽ፣ ምርመራውና ሕክምናው መጨረሻ ላይ። የስፒች ቴራፒ ተማሪ ሁኑ፣ ነርስ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ መንገዱ ያው ነው።

1. የሕፃኑን ጉሮሮ በእጃችሁ ሳሉ

የተሳለ ሥዕል ማየት ብቻ አይበቃም። ወረቀትና እርሳስ ያዙና ጭንቅላትን ከጎን ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ አንዱ የትልቅ ሰው፣ ሌላው የአራስ። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የአራስ ምላስ አፉን ሞልቶት ነው የሚገኘው። የታችኛው መንጋጋው ትንሽ ነው። ጉንጮቹ ውስጥ የስብ ክምችት አለ፤ ሲጠባ ጉንጩ ወደ ውስጥ እንዳይሰረጉድ የሚደግፈው እሱ ነው። ማንቁርቱ ከፍ ብሎ በ3ኛውና በ4ኛው የአንገት አጥንት ትይዩ ይቀመጣል፤ ኤፒግሎቲሱም (የማንቁርት ክዳኑ) ለስላሳውን ላንቃ ሊነካ ይደርሳል። ልጁ ሲያድግ ማንቁርቱ እየወረደ ሄዶ በአዋቂ ዕድሜ 6ኛው አጥንት አካባቢ ይደርሳል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጉሮሮ አየርና ምግብ የሚተላለፉበት መስቀለኛ መንገድ ነው። አራስ ሳለ የአካላቱ መቀራረብ ራሱ ይጠብቀዋል። አንገቱ ሲረዝም ግን ቦታው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁን ከትንታ የሚያድነው የጡንቻዎቹ ቅንጅትና ፍጥነት ነው። አንዳንድ የነርቭ ችግር ያለባቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ጠብተው፣ ከፍ ሲሉ ችግራቸው ሊወጣ የሚችለውም ለዚህ ነው።

አሁን ሥዕሉ ላይ ነርቮቹን ጨምሩ። 5ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ፣ 10ኛ እና 12ኛ የራስ ቅል ነርቮች ናቸው። ስማቸውን ብቻ አትሸምድዱ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ይህ ቢደክም ምን አያለሁ?» ብላችሁ ጻፉ። 5ኛው ቢደክም ማኘክ ይከብዳል። 7ኛው ቢደክም ከንፈር አይገጥምም፣ ወተት በአፍ ጥግ ይፈሳል። 9ኛው የምላስ ጀርባንና የጉሮሮን ስሜት የሚያደርስ ነው። 12ኛው የምላስ ነው። 10ኛው የድምፅ አውታሮችን ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ለቅሶው የሰለለ ወይም የሻከረ ሕፃን ስታዩ ስለ አዋዋጡም ጠይቁ።

በዚሁ ነርቭ ላይ ትንሽ ልቆይ። የግራው ቅርንጫፉ ደረት ውስጥ ወርዶ፣ በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) ቅስት ሥር ዞሮ ነው ወደ ማንቁርት የሚመለሰው። እዚያ አካባቢ የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሕፃን ከዚያ ወዲህ ድምፁ ቢሰልልና ሲጠባ ትን ቢለው፣ መነሻው ይህ ነርቭ ሊሆን ይችላል። አናቶሚን እንዲህ ከምታዩት ምልክት ጋር አያይዛችሁ ካጠናችሁት አይጠፋባችሁም።

2. መዋጥን በራሳችሁ ላይ ፈትሹ

መዋጥ በአራት ምዕራፍ ይከፈላል። ምግቡን አፍ ውስጥ ማዘጋጀት፣ ወደ ኋላ መግፋት፣ በጉሮሮ ማሳለፍ፣ ከዚያ በምግብ ቱቦ ወደ ጨጓራ ማውረድ። ሦስተኛው ቢበዛ 1 ሰከንድ አካባቢ ነው የሚወስደው። በዚያች ቅጽበት ለስላሳው ላንቃ የአፍንጫውን በር ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሳል፣ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ትንፋሽ ይቋረጣል፣ የምግብ ቱቦው አፍ ይከፈታል።

ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ምራቅ ዋጡ። ሲነሳ ይሰማችኋል። ቀጥሎ አፋችሁን ከፍታችሁ ለመዋጥ ሞክሩ። ከዚያ አንገታችሁን ወደ ኋላ ጥላችሁ ሞክሩ፤ ምራቅ ብቻ ይሁን፣ ውሃ አትጠቀሙ። አንገቱ ወደ ኋላ የተንጋለለ ልጅ ለምን እንደሚቸገር፣ አቀማመጥ ማስተካከል ለምን ከምግቡ በፊት እንደሚመጣ በገዛ አካላችሁ ትረዱታላችሁ።

3. የዕድሜውን መስመር ያዙ

ፅንስ ማህፀን ውስጥ እያለ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መዋጥ ይጀምራል። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ መሄድ ግን 34ኛው ሳምንት አካባቢ ነው መስመር የሚይዘው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ጡጦ ላይ ቢቸገር ስንፍና አይደለም፤ ገና ጊዜው ስላልደረሰ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ስትገመግሙ መወለድ በነበረበት ቀን የተስተካከለውን ዕድሜ ተጠቀሙ።

ምግብን በምላስ ወደ ውጪ የመግፋት ሪፍሌክስ (ሳይታሰብ በራሱ የሚመጣ እንቅስቃሴ) ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እየጠፋ ይሄዳል። ተጨማሪ ምግብ በ6 ወር አካባቢ ይጀመራል። ጓጓላ ያለው፣ ሙሉ በሙሉ ያልላመ ምግብ ደግሞ ከ9 ወይም ከ10 ወር በላይ ባይዘገይ ይመረጣል፤ ከዚያ አልፈው የጀመሩ ልጆች በኋላ ላይ ምግብ መምረጥና መቸገር እንደሚበዛባቸው ጥናት አለ። ማኘክ በአንዴ አይመጣም። መጀመሪያ መንጋጋ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው፣ ከዚያ ምላስ ምግቡን ወደ ጎን መውሰድ ይለምዳል፣ የሚሽከረከረው የአዋቂ አስተኛኘክ ከ2 ዓመት በኋላም እየተሻሻለ ይቀጥላል።

4. ጤነኛ ልጆች ሲመገቡ ተመልከቱ፣ ደግማችሁ ተመልከቱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። የዘመድ ልጅ፣ የጓደኛ ልጅ፣ ወላጆቹ የፈቀዱላችሁ ማንኛውም ጤነኛ ልጅ ይሆናል። የተለያየ ዕድሜ ፈልጉ፤ የ1 ወር፣ የ6 ወር፣ የ1 ዓመት፣ የ3 ዓመት። ቪዲዮ መቅረጽ ከፈለጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቪዲዮውንም ለማንም አታሳዩ።

በመጀመሪያው ዙር ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ። ደረቱን ብቻ። ሲጠባ ደረቱ ይንቀሳቀሳል ወይ? መቼ ያቆማል? ከስንት ጥባት በኋላ አርፎ ይተነፍሳል? በሁለተኛው ዙር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። ወተት የሚያገኝ ሕፃን በሰከንድ 1 ጊዜ ያህል ይጠባል፤ ወተት የሌለበትን ማጥቢያ ሲጠባ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 2 ይደርሳል። ልዩነቱን ጆሯችሁ ሲለምደው፣ ጡት ላይ ያለ ሕፃን ወተት እያገኘ ይሁን እንዲሁ እየጠባ ብቻ በመስማት መገመት ትጀምራላችሁ። በሦስተኛው ዙር ፊቱን፣ እጆቹንና እግሮቹን እዩ።

ሦስተኛው ዙር ላይ የምትፈልጉት ልጁ በአካሉ የሚናገረውን ነው። ቅንድብ ማንሳት፣ ጣቶችን በታትኖ መዘርጋት፣ የአፍንጫ ቀዳዳን መንፋት፣ ፊት ማዞር፣ ጀርባን መለጠጥ፣ ድንገት መዛል፣ በከንፈር ዙሪያ ሰማያዊ መሆን። የመጀመሪያዎቹ «ቀስ በሉ» ማለት ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ «አሁኑኑ አቁሙ» ናቸው። ብዙ መጋቢ እነዚህን ምልክቶች አያያቸውም፤ ዓይኑ ጡጦው ላይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደቀረ ነው የሚያየው። እባካችሁ እናንተ እንዲህ አትሁኑ። ትንሽ ጠጥቶ በሰላም የጨረሰ ሕፃን፣ ጡጦውን ሙሉ እየታገለ ከጨረሰው የተሻለ ነገ የመብላት ዕድል አለው።

የትንፋሽ ፍጥነቱንም ከመጀመሩ በፊት ቁጠሩ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ። በደቂቃ ከ60 እስከ 70 እና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ሕፃንን ብዙ ባለሙያዎች በአፍ ከመመገብ ያቆዩታል፤ ለመዋጥ ትንፋሹን የሚያቋርጥበት ፋታ የለውምና።

5. አራቱን ሳጥኖች ተጠቀሙ

በ2019 እ.ኤ.አ. የተለያየ ሙያ ያላቸው ባለሙያዎች በጋራ ባወጡት ስምምነት፣ የልጆች የመመገብ መታወክ ማለት ልጁ በአፉ የሚወስደው ምግብ ለዕድሜው የማይመጥን ሲሆንና ከአራት ዘርፎች ቢያንስ ከአንዱ ችግር ጋር ሲያያዝ ነው። ዘርፎቹ ሕክምናዊ፣ የሥነ ምግብ፣ የመመገብ ክህሎት እና ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ናቸው። ቢያንስ 2 ሳምንት መቆየት አለበት፤ ከ3 ወር በታች ከሆነ አጣዳፊ፣ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥር የሰደደ ይባላል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው በዲኤስኤም-5 (የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ) ውስጥ የገባው አርፊድ (ምግብን መራቅ ወይም አጥብቆ መምረጥ) ከዚህ የተለየ የአእምሮ ጤና ምርመራ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ወረቀት ለአራት ክፈሉና አንድ ልጅ እናስብ። የ18 ወር ልጅ ነው፣ የተወለደው በ27 ሳምንቱ፣ ለወራት በአፍንጫ ቱቦ ሲመገብ ነበር። አሁን የላመ ምግብ ብቻ ይቀበላል፣ ጓጓላ ያለው ሲሰጠው ያቅለሸልሸዋል፣ ቤተሰቡ በስልክ ቪዲዮ እያታለሉ ያጎርሱታል። መጀመሪያ የሚታየን የክህሎቱ ሳጥን ነው፤ ምላሱ ምግብ ወደ ጎን አይወስድም። እዚህ ላይ ቆሞ ምላሱን ብቻ ማሠራት የብዙ ጀማሪ ፈተና ነው። ሌሎቹንም ሙሉ። ሕክምናዊው ሳጥን ውስጥ ሳንባው አለ፣ ሪፍላክስ አለበት ወይ የሚለው አለ፣ የሆድ ድርቀትም እዚያው ነው፤ የሆድ ድርቀት የልጅን የምግብ ፍላጎት ምን ያህል እንደሚዘጋ ሰው አያስታውሰውም። በሥነ ምግቡ ሳጥን ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ ቀኑን ሙሉ ወተት እየጠጣ ብረት ያነሰው እንደሆነ ይጻፋል። አራተኛው ሳጥን ደግሞ የማዕዱ ድባብ ነው። ለወራት ፊቱ በፕላስተርና በቱቦ ሲነካካ የኖረ ልጅ እጅ ወደ አፉ ሲቀርብ ቢሸሽ ተገቢ ነው፤ ሰውነቱ የተማረው ያንን ነው።

በዚህ መንገድ ያገኛችሁትን ማንኛውንም ልጅ ጻፉ። ባዶ የቀረው ሳጥን ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

6. መጠየቅን ተማሩ

አንድ ማዕድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በተደጋጋሚ ከ30 ደቂቃ ካለፈ ምልክት ነው። ሲበላ ያስለዋል? ከበላ በኋላ ድምፁ እርጥብ፣ የሚንኮራኮር ይሆናል? የደረት ኢንፌክሽን ይደጋገምበታል? ክብደቱ ከዕድገት መስመሩ ወርዷል? ላብ ያጠምቀዋል? ምግቡ ወይም ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል? ወላጅን «ደህና ይበላል?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ደህና» ትባላላችሁ። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የበላውን ንገሩኝ» በሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሳል የለም ማለት ትንታ የለም ማለት አይደለም። በተለይ ጨቅላዎችና የነርቭ ችግር ያለባቸው ልጆች ምግብ ወይም ወተት ወደ አየር ቱቦአቸው ገብቶ ምንም ሳያስላቸው ሊቀር ይችላል። ይህን በዓይንም በስቴቶስኮፕም በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ አልጋ አጠገብ ባያችሁት ብቻ «ትን አይለውም» ብላችሁ አትጻፉ።

7. መሣሪያዎቹን አንብቡ

ሁለት ምርመራዎችን በደንብ እወቁ። አንደኛው ቪዲዮፍሎሮስኮፒ ነው፤ ልጁ ባሪየም የተቀላቀለበት ምግብ ሲውጥ በራጅ ይቀረጻል። ሁለተኛው ፊስ የሚባለው ነው፤ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ይገባና ጉሮሮን ከላይ ያሳያል፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው የተዋወቀው። የመጀመሪያው ከአፍ እስከ ምግብ ቱቦ ያለውን ጉዞ ሁሉ ያሳያል፣ ግን ጨረር አለው። ሁለተኛው ጨረር የለውም፣ ጡት ላይ ባለ ሕፃንም ሊሠራ ይችላል፣ ግን ልክ በመዋጫዋ ቅጽበት ምስሉ ይጠፋል።

ቀረጻዎችን ስታጠኑ ሪፖርቱን አስቀድማችሁ አታንብቡ። በዝግታ፣ ምስል በምስል እያሳለፉ የራሳችሁን ፍርድ ጻፉ፣ ከዚያ አስተያዩ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የ8 ነጥብ መለኪያ እዚህ ይጠቅማል፦ 1 ምንም ወደ አየር መንገዱ አልገባም ማለት ነው፣ 8 ደግሞ ከድምፅ አውታሮች በታች ወርዶ ልጁ ለማስወጣት ምንም አልሞከረም ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ግን አትውጡ። ለምን ገባ? መዋጡ ዘገየ? ወተቱ ፈጠነ? ደክሞት ነው? ሕክምናው የሚገኘው ከዚህ ጥያቄ ነው።

8. ማወፈሪያን በእጃችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ አክብሩት

ማወፈሪያ ማለት መጠጥ ቀስ ብሎ እንዲፈስ የሚያወፍረው ነገር ነው። ውፍረቱ የሚለካው ኢድሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው፤ እሱም መጠጥና ምግብን ከ0 እስከ 7 ባሉ 8 ደረጃዎች ይከፍላል። የመጠጡን ፈተና ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውሰዱ፤ የስሪንጅ ዓይነት ስለሚለያይ ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ ለኩ። መግፊያውን አውጡ፣ ጫፉን በጣት ዝጉ፣ እስከ 10 ሙሉት። ጣታችሁን ለ10 ሰከንድ አንሱና መልሳችሁ ዝጉ። የቀረው ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ደረጃ 0፣ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ሆኖ ትንሽ ከፈሰሰ ደረጃ 3 ነው። ምንም ካልፈሰሰ ወደ ሹካና ማንኪያው ፈተና ትሄዳላችሁ። ያወፈራችሁትን ከ30 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩት፤ ብዙዎቹ በቆይታ ይለወጣሉ።

ማወፈር ቀላል መፍትሔ ስለሚመስል ጀማሪው ቶሎ እጁን ይዘረጋበታል። እኔ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን ነው የምፈልገው። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሲምፕሊቲክ የተባለው ማወፈሪያ እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፤ ምክንያቱ ለሕይወት ከሚያሰጋ የአንጀት ሕመም ጋር መያያዙ ነበር። የእናት ጡት ወተትን በእህል ዱቄት ማወፈርም አይሠራም፤ ወተቱ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስታርቹን ይፈጨውና መልሶ ይቀጥናል። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚሞከር አለ፦ ሕፃኑን በጎኑ አስተኝቶ መመገብ፣ ቀስ ብሎ የሚያፈስ የጡጦ ጫፍ መቀየር፣ ከጥቂት ጥባት በኋላ ጡጦውን ዝቅ አድርጎ መተንፈሻ ጊዜ መስጠት። ማወፈር ግድ ከሆነም ከሐኪምና ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ነው።

9. ልጅ ለመመገብ ከመቀመጣችሁ በፊት

ስለ ሕክምና ስታነቡ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ፦ ልጆቹ በመጨረሻ የተሻለ በሉ ወይ? ምግብ ሳይኖር የሚደረጉ የምላስና የከንፈር ልምምዶች በሰፊው ይሰጣሉ፣ መዋጥን እንደሚያሻሽሉ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ስስ ነው። መብላት በመብላት ነው የሚለመደው፣ ደህንነቱ በተጠበቀ መጠንና ዓይነት።

ከዚያ ልምድ ካለው ባለሙያ ጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ ተመልከቱ፣ ቀጥሎ ያያችሁትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩና ያርማችሁ፣ ከዚያ እሱ እያየ እናንተ መግቡ። ተመሳሳይ ልጅ ስላያችሁ ብቻ ብቻችሁን አትሞክሩ። ማንኪያውን ከማንሳታችሁ በፊት ከአፍና ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚመጠው ማሽን የት እንዳለና ልጁ ትንፋሽ ቢያጥረው ማን እንደሚጠራ እወቁ። ወላጁም እዚያው ይቀመጥ፤ ነገም ከነገ ወዲያም ልጁን የሚመግበው እሱ ስለሆነ ምን እያያችሁ እንደሆነ እያሳያችሁት ሥሩ። ቀለሙ ከተለወጠ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም ከዛለ ወዲያው አቁሙና እርዳታ ጥሩ። ሲረጋጋ ስንት ደቂቃ እንደበላ፣ ምን እንደበላ፣ ምልክቱ በየትኛው ጉርሻ እንደመጣ ያኔውኑ ጻፉት።